አባቴን «ሂ» ብላቸው ነውር ነው ወይ?

ክረምት ላይ ነው። ደሴ ውስጥ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ ፎቶ ኮፒ ትባል እንጂ ማመልከቻ የሚጻፈው፣ ሲቪ የሚሰራው፣ የቪዛ ፎርም የሚሞላው፣ በቃ እንግሊዘኛ የቸገረው ሰው ሁሉ ጃንጥላውን አራግፎ የሚገባው እዛች ቤት ነው። አንድ ቀን ጭጋጉ ጦሳን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖት አንዲት ከኩታበር በኩል የመጣች ልጅ አባቷን ይዛ ገባች። አባትየው ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ጋ ያለችው አግዳሚ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀመጡ፣ ልጅቷ ደብተሯን ዘረጋችልኝ፣ «ጋሼ የስኮላርሺፕ ነው፣ ስለ ቤተሰብሽ ጻፊ ይላል፣ ጽፌዋለሁ ግን እስቲ እየው» አለች።

የጻፈችው እንዲህ ነው፦ «ማይ ፋዘር ዴይ አር ፋርመር። ዴይ ሃቭ ቱ ኦክስ። ዴይ ዎንት ሚ ቱ ለርን።»

ዴይ ማለት እነሱ ነውና «ስንት አባት ነው ያለሽ?» ብዬ ቀለድኩባት፣ አልሳቀችም። እኔም ወደ ስራዬ ገብቼ «ዴይ» የሚለውን ሁሉ ሰርዤ «ሂ» (እሱ) ማድረግ ስጀምር ወረቀቱ ላይ እጇን ጫነችበት። ወደ በሩ በአይኗ እያሳየችኝ ድምጿን ዝቅ አርጋ «ኧረ ወላሂ አባዬንማ ሂ አልላቸውም፣ እኩያዬ ናቸው እንዴ!» አለችኝ።

ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም። እኔ ራሴም አልፌበታለሁ፣ ወጣት እያለሁ አባቴን አሟቸው ሀኪም ቤት ይዣቸው ሄጄ አንድ ፈረንጅ ዶክተር ነበርና እንግሊዘኛ የማውቅ መስዬ «ዴይ አር ሲክ ሲንስ የስተርደይ» አልኩት፣ ሰውዬው አንገቱን አስግጎ ከኋላዬ በሩን አየና «ሃው ሜኒ?» አለኝ። ስንት ናቸው ማለቱ ነው። አንድ ጣቴን አወጣሁ። ከዛን ቀን ጀምሮ ይቺ ሂ የምትባል ቃል ጋር ሂሳብ አለኝ፣ እና ለልጅቷ ያስረዳኋትን፣ ከዛም ወዲህ ለሌላው ደንበኛ የማስረዳውን አንዴ ሰብሰብ አርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ትምህርት ቤት «ሂ ማለት እሱ» ብለን ስለምንሸመድድ ነው። ሂ እና እሱ ልካቸው አንድ አይደለም። ሂ ከእሱ ይሰፋል፣ ምክንያቱም እሱንም እሳቸውንም ጠቅልሎ ይይዛል። ደግሞ ከእሱ ይጠባል፣ ምክንያቱም እኛ ጠረጴዛውንም ድንጋዩንም በሬውንም እሱ እንላለን፣ ሂ ግን ዕቃ ላይ አይወጣም። ይሄን ካወቅክ ግማሹን ስህተት ቤትህ ትተኸው ወጣህ ማለት ነው።

እሳቸውን እንጀምር። አማርኛ ላይ «መጡ» ስትል ወይ ብዙ ሰው መጣ ነው ወይ አንድ ትልቅ ሰው መጡ ነው፣ ግሱ አንድ አይነት ነው። ስለዚህ ጭንቅላታችን አክብሮትን ከብዛት ጋር አስሮታል፣ ወደ እንግሊዘኛ ስንሻገርም ያቺኑ ገመድ ይዘን ነው የምንሻገረው፣ «መጡ» ስለሆነ «ዴይ ኬም» እንላለን። እንግሊዘኛው ላይ ግን ዴይ ብዛት እንጂ አክብሮት የለበትም፣ ሂ ደግሞ አንድነት እንጂ ንቀት የለበትም። ድሮ አንተና አንቱን የሚለዩበት ቃል ነበራቸው፣ እሱም ቀረና አሁን ህጻኑም ጠቅላይ ሚኒስትሩም ዩ ነው። ለሶስተኛ ሰው ግን እሳቸው የሚባል ነገር የላቸውም፣ ንጉሳቸውንም ሂ ነው የሚሉት።

ታዲያ ፈረንጅ ሰው አያከብርም ወይ? ያከብራል፣ ግን አክብሮቱን ስሙ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሚስተር፣ ዶክተር፣ ሰር፣ ፕሮፌሰር ብሎ ስሙን ይጠራና ከዛ በኋላ ሳያፍር ሂ እያለ ይቀጥላል። ግርማዊነታቸው የሚለውን እንኳ «ሂዝ ማጀስቲ» ነው የሚለው፣ ሂዝ ያው የሂ ዘመድ ነው፣ የሱ ማለት። (ጃንሆይን «ሂዝ ኢምፔሪያል ማጀስቲ» ሲሏቸው የሶስቱን ቃል መነሻ ፊደል ብትገጥመው ሂም (እሱን) የሚለው ቃል ይወጣል፣ ራስታዎች ይቺን በጣም ይወዷታል።) ስለዚህ ስለ ንጉሥ ሚካኤል ለቱሪስት ስታስረዳ፣ እዚህ ደሴ ያለውን አዳራሻቸውን አይጠየፍን እያሳየህ እንበል፣ መጀመሪያ «ኪንግ ሚካኤል ኦፍ ወሎ» ብለህ በማዕረጋቸው ትጠራቸዋለህ፣ ቀጥሎ «ሂ ዎዝ ዘ ፋዘር ኦፍ ልጅ ኢያሱ፣ ሂ ሎስት ዘ ባትል ኦፍ ሰገሌ ኢን 1916» ትላለህ (በኛ 1909 ዓ.ም መሆኑ ነው፣ አመቱን መቀየር አትርሳ)። አላቃለልካቸውም። የወሎውን ባለ ትንቢት ገጣሚ ሸህ ሁሴን ጂብሪልንም እንደዛው፣ ስማቸውን በሼክ ጀምረህ ከዛ ሂ።

ልጅቷ ይሄን ሁሉ ሰምታ አልተዋጠላትም። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት፣ «ነገ ዝናብ ይጥላል ወይ ብልሽ ምን ትይኛለሽ?»

«አላህ ያውቃል፣ እሱ ነው የሚያውቀው።»

«እሱ አልሽው?»

ዝም አለች። ከዛ ፈገግ አለች። ፈጣሪን እሱ እያልን አባታችንን እሳቸው የምንል ሰዎች ነን እኮ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እና እሱ ማለት ሁልጊዜ መናቅ እንዳልሆነ ከማንም በላይ እኛ እናውቃለን። በነገራችን ላይ እንግሊዘኛ መንፈሳዊ ጽሁፍ ላይ ሂ ለፈጣሪ ሲሆን አረፍተ ነገሩ መሀል ብትሆንም የመጀመሪያ ፊደሏን በትልቁ የሚጽፉ ብዙ ናቸው፣ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይሄ ነገር ሲያጋጥምህ የህትመት ስህተት እንዳይመስልህ።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ቻርጀሩ የታለ ስትባል «ሂ ኢዝ ኦን ዘ ቴብል» ካልክ ቻርጀሩ እግር አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ነፍስ የሌለው ነገር ሁሉ ኢት ነው። ባጃጇ ተበላሸች የምትለውም ሺ (እሷ) አትሆንም፣ ኢት ናት፣ አማርኛ ትንሽና የሚወደድ ነገርን በሴት መጥራት ይወዳል፣ እንግሊዘኛ እንደዛ አይሞላቀቅም (መርከብን ሺ የሚሉ ድሮም ነበሩ አሁንም አሉ፣ ደሴ ላይ መርከብ ስለሌለን ተወው)። ነጋ፣ መሸ፣ ዘነበ የሚሉትም ግሳቸው የወንድ ነው፣ እንግሊዘኛ ግን «ኢት ሬይንድ» እንጂ ሂ አይልም። እንስሳ ላይ ትንሽ ላላ ይላል፣ የቤትህን ውሻ ወንድነቱን እያወቅክ ሂ ብትለው ትክክል ነው፣ የማታውቀውን የመንገድ ውሻ ወይም ሌሊት ከበር የሚጮኸውን ጅብ ግን ኢት በለው፣ ለቅርበት ያህል ነው ነገሩ። የሚገርመው ድሮ እንግሊዞች ራሳቸው ሂዝን ለዕቃም ይሉ ነበር፣ በ1611 የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጨው አልጫ ቢሆን የሚለው ቦታ የጨውን ጣዕም «ሂዝ» ብሎ ነው የጻፈው። አሁን እንደዛ ብትጽፍ ግን ፈታኙ ይሰርዝልሃል፣ የ1611 ሰው ነኝ ብለህ አትከራከርም።

ሌላ፣ ሂ አይዘለልም። እኛ «መጣ» ብለን አንድ ቃል ጥለን እንሄዳለን ማን እንደመጣ ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዘኛው ግሱ ባዶ ነው፣ «ኬም» ብትል ማን? ይልሃል፣ እያንዳንዱ ግስ ፊት ሰውየውን ማቆም አለብህ። ግን ደግሞ ሁለቴ አታቁመው። «ማይ ብራዘር ሂ ኢዝ ኤ ድራይቨር» ብሎ መጻፍ በጣም የተለመደ ነው፣ ወንድሜን ከጠራኸው እሱኑ መልሰህ ሂ አትለውም፣ ወይ ማይ ብራዘር ወይ ሂ። ያየሁት ሰውዬ የሚለውም ላይ ያቺ «ት» ታስተናል፣ «ዘ ማን ሁ አይ ሶው ሂም» እንላለን፣ ሂሟ ትርፍ ናት፣ «ዘ ማን አይ ሶው» በቃ።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ ሰው ሁሉ የሚወድቅባት ቦታ ይቺ ናት። አማርኛ ላይ ሰው ሲቸገር አድራጊ አይደለም፣ ነገር ነው የሚያደርግበት። ራበው። ጠማው። በረደው። ደከመው። አመመው። ጨነቀው። እንቅልፍ ወሰደው። ጉንፋን ያዘው። እስቲ ልብ በል፣ ሰውዬው ምንም አላደረገም፣ ረሃቡ፣ ብርዱ፣ እንቅልፉ መጥቶ ነው ያደረገው፣ ሰውዬው መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ውስጥ ተቀምጦ ይቀበላል። ታዲያ «ው» ማለት ሂም ነው ብለን ስለተማርን «ኮልድ ሂም»፣ «ሀንግሪ ሂም» የሚል ነገር ይወጣል፣ አንድ ደንበኛዬማ «ስሊፕ ቱክ ሂም» ብሎ ጽፎ መጥቷል፣ እውነቱን ለመናገር ቅኔ ይመስላል እና ለመሰረዝ ሳሳሁለት። እንግሊዘኛ ግን ሰውየውን ፊት ያመጣዋል፣ ችግሩን እሱ ራሱ የያዘው አድርጎ ነው የሚያወራው፦ ሂ ኢዝ ሀንግሪ፣ ሂ ኢዝ ተርስቲ፣ ሂ ኢዝ ታየርድ፣ ሂ ኢዝ ሲክ፣ ሂ ፌል አስሊፕ። ብርድ ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ «ሂ ኢዝ ኮልድ» በረደው ነው፣ «ሂ ሃዝ ኤ ኮልድ» ጉንፋን ይዞታል ነው፣ ደሴ ለሚኖር ሰው ሁለቱም በየቀኑ ያስፈልጉታል።

እዚሁ ውስጥ «ናፈቀችው» የምትባል አደገኛ አለች። ሪያድ የሚሰራ አንድ ልጅ እረፍት መጥቶ ለአሰሪው በእንግሊዘኛ መልዕክት ጻፍልኝ ብሎኝ፣ እሱ ራሱ የሞከረውን አሳየኝ፣ ወንድሙ ለምን ቶሎ ወደ ሀገር እንደተመለሰ ሊያስረዳለት ነው፣ ሚስቱ ናፍቃው ነው ለማለት «ሂዝ ዋይፍ ሚስድ ሂም» ብሏል። ቃል በቃል ከሄድክ ልክ ይመስላል፣ ናፈቀች ሺ፣ ው ሂም። ግን ተገልብጧል! እንግሊዘኛው የሚለው ሚስቱን እሱ ናፈቃት ነው። ናፋቂው ወንድሙ ከሆነ «ሂ ሚስድ ሂዝ ዋይፍ» ነው መሆን ያለበት። አማርኛ ላይ የሚናፈቀው ነው አድራጊው፣ እንግሊዘኛ ላይ የሚናፍቀው። ገባው፣ አስጠላው፣ ደስ አለው፣ ተስማማው የሚሉትንም አንድ በአንድ እያየህ፣ ነገሩን የሚሰማው ማን ነው ብለህ ጠይቅ፣ የሚሰማው ወንድ ከሆነ ሂ ፊት ይወጣል። ገባው ማለት «ሂ አንደርስቱድ» ነው እንጂ ምንም የገባበት ነገር የለም። ሀያ አመቱ ነው ማለትም «ሂ ኢዝ 20» ነው፣ ሂዝ የለ ሃዝ የለ።

ገበሬ ደንበኞቼ ደግሞ «በት» ያበዛሉ። በሬው ሞተበት፣ እህሉ ዘነበበት፣ ልጁ ጠፋበት። ይሄ «በት» ለኛ ሀዘኑን ነው የሚሸከመው፣ በሬው ሞተ ብቻ ብትል ወሬ ነው፣ ሞተበት ስትል የሰውየውን ፊት ታየዋለህ። ለዚህ እንግሊዘኛው አንድ የተዘጋጀ ቃል አይሰጥህም፣ «ሂዝ ኦክስ ዳይድ» ብለህ በሂዝ ባለቤትነቱን ታሳያለህ፣ የሀዘኑን መጠን ሌላ ሴንተንስ ጨምረህ ማምጣት ነው። ይቀንሳል፣ አውቃለሁ።

ሂዝ ካልን አይቀር፣ «ቤቱ» የምትለው ቃል ሁለት ናት። አንዱ ያ የምናውቀው ቤት ነው፣ ሌላው የእሱ ቤት። ለኛ ወሬው ውስጥ ይገባናል። ስትተረጉም ግን መምረጥ ግድ ነው፣ ዘ ሀውስ ነው ሂዝ ሀውስ? «ሰውዬው ቤቱን ሸጠ» ሲል የራሱን ከሆነ ሂዝ፣ ደላላ ሆኖ የሰው ቤት ከሆነ ዘ። ውል ስትጽፍ ቀልድ አይደለም፣ ደንበኛውን ጠይቀው። «ልጁ» ደግሞ ትብሳለች፣ ያ ልጅ ይሁን የሱ ልጅ አይታወቅም። አካል ላይ ግን አታስብ፣ እጁን ታጠበ ሂዝ ሃንድስ ነው፣ እግሩን ሰበረ ሂዝ ሌግ ነው፣ እንግሊዘኛ አካልን በባለቤቱ ስም መጥራት ይወዳል። ሂዝ ለብቻውም ይቆማል፣ ይሄ የሱ ነው ለማለት «ዚስ ኢዝ ሂዝ» ነው፣ እንደሴቷ መጨረሻው ላይ ተጨማሪ ኤስ አይፈልግም፣ ድሮም በኤስ ነው የሚያልቀው።

ራሱ የሚለው ሂምሰልፍ ነው። ሂስሰልፍ አይደለም፣ ማይሰልፍና ዩርሰልፍ ስላለ እንደዛ ይመስላል ግን አይደለም። እና ራስ ለኛ ጭንቅላትም ስለሆነ «ራሱን አመመው» የሚለውን «ሂ ኢዝ ሲክ ሂምሰልፍ» ብሎ የተረጎመ አይቻለሁ፣ «ሂ ሃዝ ኤ ሄድኤክ» ነው። ለብቻው ለማለት «ባይ ሂምሰልፍ»፣ ብቻውን ነው የሚኖረው ካልክ «ሂ ሊቭዝ ባይ ሂምሰልፍ»።

አነባበቡ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ሂ ይሳባል፣ ሂዝ ይቆረጣል። ሂ ኢዝ ሲያጥር «ሂይዝ» ይሆናል፣ ሳበው፤ የሱ ማለቱ «ሂዝ» ነው፣ ቁረጠው። እኛ ሁለቱንም እኩል ስለምናነባቸው ስንጽፍም እናደባልቃቸዋለን። ሂይዝ ራሱ ደግሞ ሁለት ነገር ደብቋል፣ ሂ ኢዝ ወይ ሂ ሃዝ፣ ቀጥሎ ያለውን ግስ እየው፣ «ሂይዝ ኢቲንግ» ከሆነ እየበላ ነው፣ «ሂይዝ ኢተን» ከሆነ በልቷል። «ሂይድ»ም እንደዛው ሂ ሃድ ወይ ሂ ዉድ ነው። ፈረንጅ ፈጠን ብሎ ሲያወራ ደግሞ ሃዋን ይውጣታል፣ ቴል ሂም የሚለው «ቴሊም» ሆኖ ነው የሚሰማህ፣ ኢዝ ሂ የሚለው «ኢዚ»፣ ላሊበላ ጋይድ የሚሰሩ ልጆች ይሄን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጆሯቸው ነው የተማሩት። የግሱን ኤስ ለማንም አልነግርም፣ ሁሉም ያውቀዋል ሁሉም ይረሳዋል፣ ሂ ጎ አይባልም ሂ ጎዝ ነው፣ ሂ ዶንት አይባልም ሂ ዳዝንት ነው፣ ካን እና ዊል ላይ ግን ኤስ የለም።

ስልክ ላይ «ካን አይ ስፒክ ቱ ሚስተር ሰይድ?» ቢሉህና ሰይድ አንተው ከሆንክ፣ አሜሪካኖች በጨዋ ደንብ «ዚስ ኢዝ ሂ» ይላሉ፣ እኔ ነኝ ለማለት። ለጆሮ ይከብዳል፣ «ስፒኪንግ» ብትልም ይበቃል። በር ተንኳኩቶ ማነው ሲባልና እሱ ነው ለማለት ግን በወሬ ቋንቋ «ኢትስ ሂም» ነው፣ «ኢት ኢዝ ሂ» የሚለው የመጽሐፍ ነው፣ ትክክል ቢሆንም ሰው ዞር ብሎ ያይሃል።

አሁን የሚያስቀው ክፍል መጣ። ልጅቷን ዴይ አትበይ ብዬ እየተቆጣሁ ፎርሙን ገልበጥ ሳደርገው ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለ አንድ አመልካች እያወራ «ዴይ» ይላል! ልጅቷ አየችው። «ጋሼ ይሄስ?» አለችኝ። ጉድ ፈላ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሰውዬው ወንድ ይሁን ሴት ካልታወቀ እንግሊዘኛ ድሮ ሂ ይል ነበር፣ ማንም አመልካች ሂ፣ ማንም ተማሪ ሂ፣ እንግሊዝ ሀገር በ1850 የወጣ ህግ እንዲያውም በወንድ የተጻፈው ህግ ሴትንም ይጨምራል ብሎ ደንግጎት ነበር። ከጊዜ በኋላ ሴቶቹ የታሉ የሚል ክርክር ተነሳና ሂ ኦር ሺ መባል መጣ፣ እሱም ሲጽፉት ሰለቸና አሁን አብዛኛው ቦታ ዴይ ነው። አዲስ ፈጠራ እንዳይመስልህ፣ ዴይን ለአንድ ላልታወቀ ሰው ማለት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ወረቀት የሚጻፍበት የኤፒኤ መመሪያም በ2019 ባወጣው 7ኛ እትሙ ተቀብሎታል። ስለዚህ ደንቡ ይሄ ነው፣ ማንነቱ ላልታወቀ አንድ ሰው ዴይ ይቻላል፣ በር ላይ ጋቢ ለብሰው ለተቀመጡት ለታወቁት አባትሽ ግን ሂ። የማይታወቀው ሰው የብዙ ማዕረግ አገኘ፣ አባት አጡ፣ ምን ታደርገዋለህ።

ከዚሁ ጋር ኢሜይል ግርጌ ወይም ዙም ላይ ከስም ጎን «ሂ ሂም» ተብሎ ስታይ ሰውዬው እኔን ስትጠሩኝ በወንድ ጥሩኝ ማለቱ ነው፣ ሌላው ሺ ሌላው ዴይ ሊል ይችላል፣ እንዳለው መጥራት ነው። ለኛ ሰው ይቺ ነገር በሌላ በኩል ትጠቅማለች፣ ስንታየሁ፣ ደስታ፣ ሀይማኖት የሚባል ስም ፈረንጅ ወንድ ይሁን ሴት አያውቅም፣ እኛም ራሳችን ሳናይ አናውቅም፣ እና ስንታየሁ የምትባል ሴት ለድርጅት ጽፋ «ሚስተር ስንታየሁ» ተብሎ ቢመለስላት አይግረማት፣ ከስሟ ፊት ሚስ ብላ ብትጀምር ይቀልላታል።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። ሂ ስምም ይሆናል፣ ግልገሉ ወንድ ነው ሴት ለማለት «ኢዝ ኢት ኤ ሂ ኦር ኤ ሺ?» ይባላል፣ አውራ ፍየልም «ሂ ጎት» ነው፣ ባቲ ገበያ ሰኞ ቀን ፍየል የሚያይ ቱሪስት ካጋጠመህ ትጠቅምሃለች። እንግሊዝ ልጆች አባሮሽ ሲጫወቱ አባራሪውን ሂ የሚሉት አሉ። የኬሚስትሪ ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛው ቦታ ያሉት ሁለት ፊደላት ደግሞ ሂ አይደሉም፣ ሂሊየም ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ጮክ ብዬ «ሂ» ብዬ አንብቤ ክፍሉ ስቆብኛል። ጓደኛሞች ወንድ ለወንድ ስንቀላለድ «አንቺ የት ጠፍተሽ ነው» የምንለውን ፍቅር ወደ እንግሊዘኛ ይዘህ ሄደህ ወንድ ጓደኛህን ሺ እንዳትለው፣ ቀልዱ እዛ አያልፍም።

የልጅቷን ጽሁፍ ጨረስን፦ «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር። ሂ ሃዝ ቱ ኦክሰን። ሂ ኔቨር ዌንት ቱ ስኩል፣ በት ሂ ዎንትስ ሚ ቱ ለርን። ሂ ዎርክስ ሃርድ።» (ኦክስ ሁለት ሲሆን ኦክሰን ነው፣ እሷም አንድ ትምህርት ናት።) ፕሪንት አርጌ ሰጠኋት። በሩ ጋ ሄዳ ቆማ ለአባቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፣ ትንሽ እየፈራች፣ ሂ ላይ ስትደርስ ድምጿ እየቀነሰ። አባትየው እስክትጨርስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና ቀና ብለው «ምኑ ነው ሂ ሂ እያልሽ የሚያስቅሽ?» አሏት።

«እርስዎ ነዎት አባዬ» አለቻቸው፣ «ሂ የሚለው እርስዎን ነው።»

«እኔን?» አሉና ወደኔ ዞረው፣ «በል እንግዲያ ስንት ነው ሂሳቡ?»

ለአንድ ገጽ የሚከፈለውን ነገርኳቸው።